አባቴን ያላመጣው ፈረስ

የሄድኩት ጥር ላይ ነው፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ፣ ሰሃላ ላሉ ጎረቤቶቼና ሰቆጣን በእግራቸው ለማይረግጡ ሁሉ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ሌላ ሰው ቢጽፈው አሳምሮ ይጽፍላችሁ ነበር። እኔ እንደነበረው እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ዐረብ አገር ያለችው የልጄ ልጅ ሰናይት ደወለችና፣ «እማማ፣ ሰቆጣ የፈረስ ሐውልት ቆሟል። ጦር ሜዳ ለወደቁ ፈረሰኞች ነው አሉ። ፈረሱ ተጭኗል፣ ሰው ግን የለበትም» አለችኝ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አይታው ነው። «ሰው የለበትም?» ብዬ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

አባቴ ዋሴ ደስታ ይባላል። ከሰቆጣ በላይ ባለው ደጋ ለቀኛዝማች አድማሱ ባልደራስ ሆኖ ያድር ነበር፤ ፈረሶቻቸውን ይጠብቃል ማለት ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ አርበኛው ሲጠራ ቀኛዝማቹ እግራቸውን ታመው ተኝተው ነበርና፣ ደመና የሚባለውን ፈረሳቸውን ለአባቴ ሰጥተው ላኩት። በሦስተኛው ሳምንት ፈረሱ ብቻውን መጣ። ኮርቻው በጀርባው ላይ እንዳለ ነው፣ አንደኛው የልጓም ዛብ ተበጥሷል። እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። የፈረሱን አንገት አቅፋ አልለቅም ስትል የቀኛዝማቹ ሰዎች መጥተው ከእጇ ወሰዱት።

በዚያ ዘመን ጦር ሜዳ ቀርቶ ሬሳው ላልመጣ ሰው ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ለቀስተኛው መሀል እየተዞረ ይለቀስለታል። የአባቴ ለቅሶ ላይ ፈረስ አልነበረም፤ ፈረሱ የሰው ነዋ። እናቴ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ሰሃላ ቆላ ወረደች። እኔም እዚያው ተወለድኩ፣ እዚያው አረጀሁ። እሷ እስክትሞት ድረስ «ዋሴ እንደ ሰው አልተለቀሰለትም» ትል ነበር። እህል ስትፈጭ ትለዋለች፣ ውሃ ስትቀዳ ትለዋለች። እኔ አባቴን የማውቀው በዚያች ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጄን ሲሳይን «በቅሎዋን ጫን» አልኩት።

«ሐውልት እኮ ነው እማዬ፣ የትም አይሸሽም። ማሽላው ይወቃና እንሄዳለን።»

«ሐውልቱ አይሸሽም፤ እኔ ግን እሸሻለሁ። ሰማንያን ካለፍኩ ቆይቻለሁ።»

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ ወጣን። የእኛን መንገድ ለምታውቁት ምን እነግራችኋለሁ፤ ቁልቁለቱ በቅሎን አስቀምጦ ሰውን ያስኬዳል። ሰሃላን በቅሎ ላይ ተቀምጬ የተሻገርኩ የሚመስለው ካለ፣ ግማሹን የሄድኩት የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አርፈን በሶ በጠበጥን። ከዚያ ዳገቱን ስንጀምር የቀኝ እግሬ ኮንጎ ጫማ ተበጠሰ። ሲሳይ በገመድ አሰረልኝ፤ ገመዱ እግሬን ስለበላኝ ፈትቼ ጣልኩት። በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ባዶ ሆኜ ጽጽቃ ገባሁ።

ያሳደሩን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉ አንድ መሪጌታ ናቸው። የት እንደምንሄድ ሳይጠይቁ አስገቡን። ባለቤታቸው እግሬን አጥባ ስታበቃ፣ «ጫማዎትን ወዲህ ይበሉት» አለችና በጆንያ መርፌ በጥቁር ክር ሰፋችው። ከአዲሱ ይልቅ ጠንካራ ሆነ። እራት የገብስ እንጀራ በሽሮ ነበር። የገብስ እንጀራ ቀሎ ይበላል፤ የእኛ የማሽላ ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ እስከ ነገ ይቀመጣል። መሪጌታ ከባለቤታቸው ጋር በኽምጣንጋ ያወራሉ። እኔም ስሰማው ያደግኩት ነውና፣ ያላቸውን አንድ ብርድ ልብስ ለእኛ ሰጥተው እነሱ በነጠላ ሊያድሩ እንደተስማሙ ገባኝ።

«ይኼ ትክክል አይደለም» አልኩ በራሳቸው ቋንቋ።

መሪጌታ ደነገጡ፤ ከዚያ ሳቁ። «ምስጢራችን ወጣብን! እንግዲያውስ ምን ይሁን ይላሉ?»

«ሴቶቹ አንድ ላይ እንተኛ፣ ብርድ ልብሱ ለእኛ። ወንዶቹ ጋቢ አላችሁ።» እንደዚያው ሆነ። ሲሳይ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ እንዳደረ ጠዋት ነገረኝ። ይገባዋል፤ ማሽላ ይወቃ ያለው እሱ ነው።

ሁለተኛው ቀን

በቅሎዋን መሪጌታ ቤት ትተን መኪና ያዝን። መኪናው ሽንኩርት የጫነ ነው፤ ፊት ከሾፌሩ ጎን ያለችው ቦታ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ሾፌሩ አየኝና፣ «እማማ፣ እርስዎ ፊት ይግቡ» አለ። ወደ ኋላ ሳይ አንዲት ነፍሰ ጡር ጆንያ ላይ ለመውጣት ትታገላለች።

«እሷስ?»

«እሷ ወጣት ናት።»

«እሷ ሁለት ሰው ናት። እኔ አንድ ነኝ፤ እሱንም ሙሉ አይደለሁ።»

ተከራከርን። ሾፌሩ «ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው!» ሲል ሲሳይ፣ «እኔን ጠይቀኝ፤ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው አብሬያት ስኖር» አለው። በመጨረሻ ሴትዮዋ ፊት ገባች፣ እኔን ሁለት ሰዎች ሽቅብ አንስተው ሽንኩርቱ ላይ አስቀመጡኝ። ስለ ትክክለኛ ነገር ስትከራከሩ ማን ሽንኩርት ላይ እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ እወቁ። ሰቆጣ እስክደርስ ዓይኔ ሲያለቅስ ዋለ።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ዳገት ላይ ቆሜ አገሩን አየሁ። የእኛ ሰማይ ዝቅ ብሎ ይጋግራል፣ የእነሱ ከፍ ብሎ ይነፍሳል። ተራራው ድንጋይ ነው፣ እርሻው ድንጋይ ነው፤ ግን ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅመው እርከን ሠርተውበታል። አንድ ነገር ልናገር፤ ያንን ብርድ የማውቀው መሰለኝ። የተፀነስኩት እዚያ ነው። ሰው ሳይወለድ የነበረበትን ቦታ ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ስናፍቀው ኖሬያለሁ።

ሰቆጣ የደረስነው ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ነው። በማግሥቱ ገበያ ስለሆነ አልጋ ጠፋ። ሦስት ቤት ጠይቀን ሦስቱም «ሞልቷል» አሉን። አራተኛው በር ላይ አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናት ጠይም ሴትዮ ጤፍ ታበጥራለች። እኔን ከእግር እስከ ራስ አየችና ሲሳይን፣ «እኚህን ሴትዮ እስካሁን በእግራቸው ታዞራለህ? አታፍርም?» አለችው። ወይዘሮ አብረኸት ትባላለች። ያንለት ማታ ሽሮ በቅቤ፣ ነጭ ማር በሳህን፣ የራሷን አልጋ ሰጠችኝ። ማሩን ስቀምስ ስለ ሰቆጣ ማር የሚባለው ሁሉ እውነት መሆኑን አመንኩ፤ የእኛ ማር ይጣፍጣል፣ የእነሱ ግን ሽታም አለው። ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ «ሐውልቱን ላይ» አልኳት እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። ደክሞኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ፈረሱ አደባባይ ላይ ነው፤ ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ቆሟል። ነሐስ የመሰለ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዛቡ መሬት ነክቶ፣ ኮርቻው ባዶውን። ጆሮዎቹ ግን ወደ ኋላ ዞረዋል፤ ከኋላው የሚመጣ እግር የሚሰማ ይመስላል። ያንን የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። አንድ ነገር ስቷል፤ እርካቡን ለጫማ አስፍቶ ሠርቶታል። በአባቴ ጊዜ እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ቀለበት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። በጫማ የጋለበ አልነበረም።

እጄን ሰድጄ ኮቴውን ያዝኩ።

«እማማ፣ መንካት አይቻልም» አለ ጥበቃው።

«ማን ከለከለ?»

«መመሪያ ነው።»

«መመሪያው ይንካኝ እንግዲህ» አልኩና አልለቀቅኩም። ጥበቃው ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ።

ከፈረሱ ሥር የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ፤ የወደቁት ስም ተቀርጾበታል። ድሮ ፈረስ ያለው ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ስለነበር፣ ከየስሙ ጎን የፈረስ ስም አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከላይ ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቀኛዝማች አድማሱ፣ አባ ደመና»።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሲሳይን አስነበብኩት። እሱም እንደዚያው አነበበ።

«ቀኛዝማች አድማሱ የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እናቴ ተዝካራቸውን ሰምታለች! ደመና ላይ ሆኖ የወደቀው ዋሴ ነው!»

የዋሴ ስም ሰሌዳው ላይ የለም። ዳር እስከ ዳር ፈለግን፣ የለም።

ጥበቃው ሐውልቱን ወዳሠራው ኮሚቴ ጸሐፊ ቢሮ ወሰደን። ጸሐፊው ትሁት ጎልማሳ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስሙን ያገኙት እንዴት እንደሆነ ነገረኝ። ሽማግሌዎች «የአባ ደመና ፈረስ ባዶውን ገባ» የሚል የለቅሶ ግጥም ያስታውሱ ነበር። ኮሚቴው አባ ደመና ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ቀኛዝማች አድማሱ ናቸው ተባለ፤ ጻፈ። ፈረሱ የጌታው ስለሆነ የወደቀውም ጌታው መሰላቸው። በፈረስ ስም የሚጠራ አገር ላይ ብቻ የሚሠራ ስህተት ነው። ባልደራስ የፈረስ ስም የለውም።

«ማስረጃ አለዎት?» አለኝ።

«ማስረጃው እኔ ነኝ። አባቴን አላውቀውም።»

አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ አምንዎታለሁ። ኮሚቴው ግን ከቀኛዝማቹ ቤተሰብ አንድ ሰው ቀርቦ ይመስክር ይላል። አንዲት የልጅ ልጃቸው እዚሁ ከተማ አሉ። ወይዘሮ አብረኸት ይባላሉ።»

ሲሳይ እኔን አየኝ፣ እኔ ሲሳይን አየሁት።

ምሳ ሰዓት ቤቷ ስንደርስ ገበታ አቅርባ ትጠብቀናለች። ዶሮ አርዳለች፤ ለእኔ። እጄን አስታጥባኝ ተቀመጥኩ፣ እንጀራውን ቆረስኩ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ምነው? ጨው በዛበት?»

«አብረኸት፣ ይህን ከበላሁ በኋላ የምናገረውን ብናገር በድዬሻለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚያ ከፈቀድሽ እበላለሁ።» ብዬ ነገርኳት። አያትሽ አልጋቸው ላይ ሞተዋል፤ የወደቀው አባቴ ነው፤ ሰሌዳው ይዋሻል። እናቴ የፈረሱን አንገት አቅፋ የቆመችውንም፣ ከእጇ የወሰዱትንም ነገርኳት።

አብረኸት እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«አያቴ ሲሞቱ አሥር ዓመቴ ነበር። ደመናን አልደረስኩበትም፤ የደመናን ውላጅ ግን አውቀዋለሁ። ፈረሱ ብቻውን የገባበት ቀን በየዓመቱ ሲመጣ አያቴ ያንን አሮጌ ኮርቻ ያስጭኑትና በረት ውስጥ ባዶውን ያቆሙታል። ያን ቀን ማንም አይወጣበትም። እኛ ልጆቹ ንፍሮ ይሰጠናል። ‹ለማን ነው?› ስንል፣ ‹ለባልደራሱ ነው› ይሉናል። ደመና ላይም ከዚያ ወዲያ እርሳቸው አልወጡም። በእግራቸው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት፤ ያንን የታመመ እግር እየጎተቱ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም ነበር። ወደ ቆላ ከወረደች በኋላ ማን ይነግራታል? ዕድሜዬን ሙሉ ቀኛዝማቹን ስረግም የኖርኩትን አሰብኩ። የረገምኩትን ግማሹን ያንኑ ጊዜ መልሼ ወሰድኩ። ግማሹ ግን ይቆያል።

«ስሙንስ? ባልደራሱ ስም ነበረው።»

«ስሙን አናውቅም። ባልደራሱ ነው የምንለው።»

«ዋሴ ደስታ ይባላል! ዋሴ! ያን ሁሉ ዓመት ንፍሮ ስትበሉለት ስሙን የጠየቀ የለም?»

አብረኸት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ከኮሚቴ መጥተው ‹አያትዎ ከወደቁት አንዱ ናቸው› ሲሉን ዝም አልን። ክብር ይዘው ቤትዎ ሲመጡ አይደለም ይላሉ?»

«እላለሁ።»

«እርስዎ ይላሉ» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እኔ አላልኩም። አሁን እልላችኋለሁ። ዶሮው ቀዘቀዘ፤ ይብሉልኝ።»

በላሁ። እንደዚያ ያለ ዶሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልበላሁም።

አራተኛው ቀን

አብረኸት የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከእኛ ጋር ቢሮ ሄደች። ወንድሞቿ በስልክ «ስማችንን ልታስፍቂ ነው?» ብለው ጮኸውባታል፤ እያንዳንዱን ቃል እየሰማሁ ነበር። ቢሆንም ጸሐፊው ፊት ቆማ ለእኔ ያለችኝን ቃል በቃል ደገመችው፣ ፈረመች። ጸሐፊው፣ «እንግዲህ የቀኛዝማቹ ስም ይፋቅና በእሱ ቦታ የአባትዎ ይግባ ብዬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ» አለኝ።

ይህንን ነበር የፈለግኩት። ትናንት ሰሌዳው ፊት የጮህኩት ለዚህ ነበር። አብረኸት ወደ መሬት አየች።

«አይፋቅ» አልኩ።

«እንዴት?»

«የሆነው ይጻፍ። ፈረሱ የቀኛዝማች አድማሱ፤ የወደቀው ዋሴ ደስታ። ሰውየው ፈረሳቸውን ሰጥተዋል፤ መስጠታቸውን እኔ አልነጥቃቸውም። ደግሞ ልጄ፣ ሌሎቹንም ጠይቁ። በሰው ፈረስ ሄዶ የቀረ አባቴ ብቻ አይመስለኝም።»

ጸሐፊው ሁሉንም ጻፈ። ማመልከቻውን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ መስመሩ ቢጣመምም ማንም ያነበዋል። ኮሚቴው መቼ እንደሚሰበሰብ ግን አያውቅም። ምናልባት ከፋሲካ በኋላ፣ ምናልባት ከክረምት በኋላ። ተናደድኩ፤ ሆኖም እሱ የዋሸኝ ነገር የለም።

ስንወጣ አብረኸት ወደ ቤት አልዞረችም። ቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄደች። ከድንጋዩ ሥር ቆመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን አንዴ መታች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

ፈረሱማ መጣ መንገዱን ለይቶ፣
ሰውየው የት ቀረ ለማን ቤት አምሽቶ።

በረት ውስጥ፣ ባዶው ኮርቻ ፊት ሲባል በልጅነቷ የሰማችው ነው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሆኖም ጎዳና ያቋርጣል። አንዲት እንቁላል ሻጭ ቆመችና፣ «ማን ሞቶ ነው እናቴ?» አለች።

«አባቴ» አልኳት።

«ውይ! መቼ?»

«ሳልወለድ።»

ሴትዮዋ አፏን ይዛ ልትስቅ ነበር። ፊቴን ስታይ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና ከአብረኸት ጎን ቆመች። ከዚያ ሌላ ሴት መጣች፣ ከዚያ ሦስት። በአገራችን ለቅሶ ያለፈ ሰው ቆሞ ሳያለቅስ አይሄድም። ሲሳይ ጋቢውን አውልቆ፣ ማንም ሳያዘው፣ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ኮርቻው ላይ አደረገው። ጥበቃው መጣ። መመሪያውን ሊናገር ነው ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣውን አወለቀ።

ሴቶቹ ፈረሱን ሦስት ጊዜ ዞሩት። የሲሚንቶ ፈረስ አይዞርም፤ ስለዚህ እነሱ ዞሩለት። እኔ ኮቴውን ይዤ ቆሜ ነበር። ለቀስተኛ የሟቹን ልጅ ያያል፣ ልጁም አባቱን ይጠራል፤ ወጉ ነው። እኔ ያንን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም። የእንጀራ አባት አልነበረኝም፣ አጎቶቼን በስማቸው ነው የምጠራው። አፌ ውስጥ እንደ ባዕድ ቋንቋ ሆኖ ትንሽ አስቸገረኝ። ከዚያ ወጣ።

«አባዬ» አልኩ። «አባዬ! አባዬ!»

መመለሻው

ስለ መመለሻው ብዙ የምለው የለኝም። አብረኸት ማር በፕላስቲክ ዕቃ፣ በሶ በከረጢት ጭናልን መኪናው እስኪነሳ ቆመች። ጽጽቃ መሪጌታ ቤት አድረን በማግሥቱ ማታ ሰሃላ ገባን። እግሬ አብጦ ሁለት ቀን ተኛሁ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ «ፈረሱ ያምራል ወይ?» አለኝ። «ያምራል፣ እርካቡ ብቻ ሰፍቷል» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን በትሬን ይዤ ብቻዬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የእናቴ መቃብር ከአጥሩ ሥር ነው፤ ድንጋዩ ዘሟል። ቁጭ አልኩና፣ «እማ፣ ለዋሴ ተለቀሰለት» አልኳት። «በፈረስ።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ «ስሙ ግን ገና አልተጻፈም» አልኳት። እሱንም መደበቅ አልፈለግኩም።